ሥራው ያለው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው

ምልልሱ የሁለት መምህራን ነው። አንዷ ጭሮ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚላት ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ጠመኔ ከያዘች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ሌላው በሒርናና በጭሮ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እሷ ከመደበኛው ሥራዋ ጎን የማስጠናት ሥራ ፈልጋ አልቀናትም። ምክር ልትጠይቅ ሄዳ ክርክር ገጠመች።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ሥራ አጥቼ አይደለም የመጣሁት። ያልበቃኝ ደመወዙ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ ሲባል የእኛም እርከን አብሮ ተነሣ፤ ግን የቤት ኪራዩም፣ ጤፉም፣ ዘይቱም ዜናውን ሰምተው ነበር። ስለዚህ ማስጠናት ልጀምር ብዬ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ በቴሌግራምም ለቀቅኩ። የሚደውለው ሁሉ ጥያቄው "ስንት ነው?" ብቻ ነው። ስነግረው "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግማሹ ያስጠናልናል" ይለኛል። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው።

ጋሼ፦ ማስታወቂያው ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

መምህርቷ፦ "ልምድ ያላት መምህርት ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ታስጠናለች" ብዬ።

ጋሼ፦ ሁሉንም? ባዮሎጂም?

መምህርቷ፦ ለታች ክፍሎች ባዮሎጂ ምን ይከብዳል?

ጋሼ፦ እንግዲያው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲው ልጅም የጻፈው ይህንኑ ነው። ሁለታችሁም ሁሉንም ክፍል፣ ሁሉንም ትምህርት እናስጠናለን ካላችሁ፣ ወላጅ በምን ይለያችሁ? የቀረው ዋጋ ነው፤ በዋጋ ደግሞ እሱ ያሸንፍሻል። ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፣ የሚያሳድገው ልጅ የለውም።

መምህርቷ፦ ልምዴስ? ልምድ ምንም አይደለም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ልምድ ለቀጣሪ ነው እንጂ ለወላጅ አይገባውም። ሠራተኛ አስተዳደር ዓመት ቆጥሮ እርከን ይሰጥሻል፤ ከመሪ መምህር ወደ ከፍተኛ መሪ መምህር ያሸጋግርሻል። ወላጅ ግን ዓመትሽን ምን ያደርግለታል? ልጁ ያልቻለውን ነገር ታውቂለት እንደሆነ ነው ማየት የሚፈልገው። እስቲ ንገሪኝ፣ ያ ወጣት የማያውቀውን አንቺ የምታውቂው ምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ነዋ።

ጋሼ፦ የት ላይ ነው?

መምህርቷ፦ ዘጠነኛ ክፍል። ይኼ ምን ጥያቄ አለው? እዚህ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ዘጠነኛ ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆናል። ስምንተኛ ላይ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ መስከረም ላይ ኋላ ወንበር ሄዶ ይደበቃል። ባለፈው አንዱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ጥያቄው ሁለት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፤ የላይኛው ማዕዘን 40 ዲግሪ፣ የታችኞቹን ፈልግ ይላል። ልጁ ጠመኔውን ይዞ ቆመ። አንብቦ ሊጨርሰው አልቻለም። እኔ በአፋን ኦሮሞ አንዴ ስነግረው ሥዕሉን ሠራ፣ እኩል የሆኑትን ጎኖች በትንንሽ ጭረት ምልክት አደረገ፣ ከ180 ላይ 40 ቀነሰ፣ ለሁለት አካፈለ፣ 70 ብሎ ጻፈ። ሙሉውን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሒሳቡን ያውቃል። የጠፋበት ጥያቄው ነው።

ጋሼ፦ በይ፣ ሥራሽን አገኘሽው።

መምህርቷ፦ የቱን?

ጋሼ፦ ያልሽውን። ማስታወቂያሽን ቀድደሽ "ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ለሚያልፉ ልጆች፣ ሒሳብ፣ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚጨረስ" ብለሽ ጻፊ። ያ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ይህን መጻፍ አይችልም። ቢጽፍም መሥራት አይችልም፤ ምናልባት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ ይሆናል፣ የልጁን ቋንቋ አያውቅም። አንቺ ሁለቱንም ትችያለሽ፤ የልጆቹን ስሕተት ደግሞ በየዓመቱ አይተሽዋል።

መምህርቷ፦ እንዲህ አጥብቤ ብጽፍ የሚደውለው ሰው አይቀንስብኝም?

ጋሼ፦ ይቀንሳል። የሚደውለው ግን "ስንት?" ከማለቱ በፊት "እንዴት ነው የምታደርጊው?" ይልሻል። በእኛ አገር፣ በሐረርጌ፣ የቤት ውስጥ አስተማሪ ነገር ዛሬ አልተጀመረም። ራስ መኮንን ሐረር ላይ ልጃቸውን ተፈሪን ፈረንሳይኛ ሊያስተምሩ ሲፈልጉ መጀመሪያ የያዙት የጓዴሉፕ ተወላጁን ሐኪም ዶክተር ቪታልየንን ነበር። ከዚያ አባ ሳሙኤል መጡ። አባ ሳሙኤል የአለቃ ወልደ ካህን ልጅ ናቸው፣ የተማሩት ደግሞ ሐረር በነበረው የካቶሊክ ሚሲዮን ነው። ፈረንሳይኛን እንደ ሐኪሙ አፋቸውን የፈቱበት ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ልጁ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር፤ መንገዱን ራሳቸው ሄደውበታል። ተማሪያቸው አድጎ ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላም በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በፍቅር ያነሣቸዋል። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰጥም ነው የሞቱት፤ ተማሪያቸውም እዚያው ጀልባ ላይ ነበር፣ እሱ ተረፈ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የራስ ልጅ ማስጠናትና የገበሬ ልጅ ማስጠናት አንድ ነው? ያኛው ቤት አስቀምጦ ቀለብ ይሰፍራል።

ጋሼ፦ ክፍያው አንድ ነው አላልኩም፤ ሥራው አንድ ነው። ወደ ክፍያው እንምጣ። እስካሁን የትኞቹ ቤቶች ሄደሻል?

መምህርቷ፦ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቤት። ልጆቻቸው ኬጂና አንደኛ ደረጃ ናቸው፣ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። የሚፈልጉት ግን የቤት ሥራ የሚያሠራ ሰው ነው። አንዷ እናት "አንቺ ሥሪለት፣ እሱ ይገለብጠው፣ ዋናው ምልክት ማግኘቱ ነው" አለችኝ።

ጋሼ፦ ምን አልሻት?

መምህርቷ፦ አንድ ወር ሠራሁ። ከዚያ ተውኩት። ሌላው የጫት ነጋዴ ቤት ነው። ብር አላቸው፣ አይከራከሩም። ጊዜ ነው የሌላቸው። ጫት የሚጫነው በሌላ ሰዓት፣ እንግዳው የሚመጣው በሌላ ሰዓት ነው። ዛሬ ከ11 ሰዓት በኋላ ነይ ይሉኛል፣ ስሄድ ልጁ ከአባቱ ጋር ሒርና ወርዷል።

ጋሼ፦ ሁለቱንም ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ያልሄድሽበት ሦስተኛው ቤት ነው። ከገጠር መጥተው፣ አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች። ቅዳሜ አገር ቤት ሄደው ሰኞ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱት።

መምህርቷ፦ እነሱ? እነሱ እኮ የክፍሉን ኪራይ ለመክፈል ነው የሚቸገሩት!

ጋሼ፦ እያንዳንዳቸው ይቸገራሉ። አብረው ግን አንድ ክፍል ይከራዩ የለ? አብረው አንድ አስጠኚ ቢይዙስ? ወረቀት አምጪ፣ እናስላው። እንበል የባንክ ሠራተኛው ቤት ለአንድ ልጅ በወር 2,500 ብር ይከፍልሻል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት። በወር 20 ሰዓት ሆነ። መሄጃና መመለሻው ሌላ አንድ ሰዓት ነው፤ ሌላ 20 ሰዓት። 2,500 ለ40 ሲካፈል?

መምህርቷ፦ 62 ብር ከ50።

ጋሼ፦ ባጃጁን አልቀነስኩም። አሁን አምስት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በነፍስ ወከፍ 600 ብር ያውጡ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንቺ ቤት ወይም ትምህርት ቤት። በወር 18 ሰዓት ነው። ለዝግጅትና ወርክሺት ለማረም 6 ሰዓት ጨምሪ፤ 24 ሰዓት። 3,000 ለ24?

መምህርቷ፦ 125። እጥፍ ነው።

ጋሼ፦ አንቺ እጥፍ አገኘሽ፣ ልጁ ደግሞ የባንክ ሠራተኛው ከሚከፍለው ሩብ እንኳ አልከፈለም። ልጆቹም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ማታ ስትለያቸው አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት፤ ያልገባውን የገባው ይነግረዋል።

መምህርቷ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። 600 ብር በየወሩ ከየት ያመጣሉ? የገበሬ ገንዘብ በየወሩ አይመጣም።

ጋሼ፦ እሱ ላይ ልክ ነሽ። ስለዚህ በወር አትያዣቸው። ቡና ያለው ቤተሰብ፣ ገለምሶና በደሳ አካባቢ ያለው፣ ገንዘቡ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የሴሚስተሩን ያኔ ይክፈል። ጫት ያለው፣ በተለይ መስኖ ካለው፣ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል፤ በየሁለት ሳምንቱም ቢሆን መክፈል ይችላል። ገንዘቡን ከልጁ አትቀበይ፤ ከአባቱ ተቀበይ፣ ለገበያ ሲመጣ። ያኔ ልጁ ምን እንደቻለ በዐይኑ አሳይው። ቀድሞ ማንበብ ያቃተውን አሁን ሲያነበው ይስማ።

መምህርቷ፦ ከእነሱ መካከል ምንም የማይኖረውስ?

ጋሼ፦ ይኖራል። እሱን በነጻ ትይዢዋለሽ ብዬ አልሰብክሽም። ለሁሉም ነጻ ከሆንሽ በሁለት ወር ደክመሽ ትተይዋለሽ። በአምስት ልጅ መሐል አንድ፣ ከዚያ አይለፍ። ለሌላው ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ እዚያ ላይ አትለግሚ።

መምህርቷ፦ እንዲያውም ወደዚህ ነገር እንምጣ። ልጆቹን ከየት ላገኛቸው ነው? የሚያውቁኝ የራሴ ተማሪዎች ናቸው። የራሴን ክፍል ልጆች ብይዝ በአንድ ቀን አሥር ይሞላልኛል።

ጋሼ፦ የራስሽን አትይዢም።

መምህርቷ፦ ኧረ ጋሼ! ሁሉም ይይዛል።

ጋሼ፦ ሁሉም ይይዝ። ጠዋት አስተምረሽ ማታ ለዚያው ልጅ በገንዘብ ስታስተምሪ፣ ያልከፈለው ልጅ አባት ምን ይላል? "ክፍል ውስጥ ያስቀረችውን ማታ ትሸጣለች" ይላል። ሐሰት ቢሆንም ይላል። ፈተናውን የምታወጪውም አንቺ ነሽ፣ የምታርሚውም አንቺ ነሽ። የከፈለው ልጅ 90 ቢያመጣ ማን ያምናል? አንቺ ራስሽ እርግጠኛ ትሆኛለሽ?

መምህርቷ፦ እኔ ራሴን አውቃለሁ።

ጋሼ፦ ራስሽን ማወቅሽ ለጭሮ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ይህች ከተማ ትንሽ ናት። አዲስ አበባ ስምሽ ቦሌ ቢጠፋ ኮልፌ ሄደሽ ትጀምሪያለሽ፤ እዚያ ኤጀንሲውም፣ ደላላውም አለ፤ ኮሚሽኑን ወስዶ ሌላ ቤት ያስገባሻል። እዚህ ሥራ የሚገኘው በሰው አፍ ነው። ስም የሚጠፋውም በዚያው አፍ ነው።

መምህርቷ፦ እና ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ተለዋወጡ። የሌላ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አታውቂም? ያንቺ ክፍል ልጆች ወደሱ፣ የሱ ወደ አንቺ። የየትምህርት ቤቱ ደንብ ምን እንደሚል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ርዕሰ መምህሩ ከሰው ከሚሰማ ከአንቺ ይስማ። እንዲያውም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል እንዲፈቅድልሽ በደብዳቤ ጠይቂው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ ለአንቺም ይሻላል። ሴት ነሽ፤ ከመሸ በኋላ ከማታውቂው ቤት ወጥተሽ በእግርሽ መመለስ የለብሽም። ቤት መሄድ ግድ ከሆነ ሰው ባለበት ሳሎን፣ በር ክፍት ሆኖ ነው። ይኼ ለልጁም ጥበቃ ነው።

መምህርቷ፦ ሁሉም ወላጅ ግን የሚያወራው ስለ ዘጠነኛ አይደለም፣ ስለ አሥራ ሁለተኛ ነው። ፈተናው አስፈርቷቸዋል።

ጋሼ፦ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቁጥሩን ሁሉም ሰምቷል። ከ2014 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4 ወጣ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ደረሰ። ተሻሻለ፤ ግን በዚያ ዓመትም ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ ወደቀ። ወላጅ ይህን ሲሰማ አሥራ ሁለተኛ ላይ አስጠኚ ይፈልጋል።

መምህርቷ፦ ታዲያ ገበያው እዚያ ከሆነ እኔ ለምን ዘጠነኛ ላይ እቆማለሁ?

ጋሼ፦ አሥራ ሁለተኛ ላይ የሚመጣልሽ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይገባው ያለፈ ነው። በሦስት ወር ምን ታደርጊለታለሽ? የድሮ ፈተና ወርክሺት ታሸክሚዋለሽ፣ መልስ ይሸመድዳል፣ ይወድቃል፤ ስምሽ አብሮ ይወድቃል። ዘጠነኛ ላይ የያዝሽው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ጥያቄውን ራሱ አንብቦ ሲሠራ ታይዋለሽ። ያንቺ ሙያ ውጤት የሚያሳየው እዚያ ነው። ሥራ ተስማሚ ነው የምለው በከፈለሽ ልክ አይደለም፤ የምታውቂው ነገር ለውጥ ማምጣት የሚችልበት ጊዜ ላይ ሲደርስሽ ነው። አሥራ ሁለተኛ ላይ መምጣት የፈለገ ወላጅ ካለ፣ ታናሽ ልጅ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂው።

መምህርቷ፦ አንዱ አባት እኮ "50 ታመጣለች ብለሽ ፈርሚልኝ" ብሎኛል።

ጋሼ፦ ፈረምሽ?

መምህርቷ፦ ተው አቦ ብዬ ወጣሁ።

ጋሼ፦ ጥሩ። ፈተናውን የሚፈተነው ልጁ ነው፤ ለሰው ልጅ ውጤት የሚፈርም አስጠኚ ወይ ይዋሻል ወይ ያስኮርጃል። የምትፈርሚው ለራስሽ ሥራ ነው፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በወሩ መጨረሻ ምን አሳያለሁ፣ ልጁ ከቀረ ምን ይሆናል፣ ክፍያ መቼ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

መምህርቷ፦ አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ በኢንተርኔት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ታስጠናለች። ሚኒሶታ የኦሮሞ ተወላጅ ብዙ ነው፤ ወላጆቹ ልጆቻቸው አፋን ኦሮሞ እንዳይጠፋባቸው ይፈልጋሉ፣ ሒሳብም ይፈልጋሉ። የሚከፍሉት በዶላር ነው። የጭሮን ገበያ ትቼ እዚያ ብገባስ?

ጋሼ፦ ግቢ፣ ማን ከለከለሽ? ግን ሰዓቱን አስቢው። እዚያ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የቀረሽ ቅዳሜና እሑድ ነው። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ማታ 11 ነው፤ የእነሱ ክረምት ሲገባ ደግሞ 12 ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጭሮ ላይ መብራት ከጠፋ፣ ኔትወርክ ከተቋረጠ፣ ልጁ ባዶ ስክሪን እያየ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ ከሆነ እናትየው ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

መምህርቷ፦ አልሞክረው ነው የሚሉኝ?

ጋሼ፦ ሞክሪው፤ አንድ ቤተሰብ ያዢ። ነገር ግን እዚያም ብትሄጂ የምትሸጪው ያንኑ ነው። የሚኒሶታው ልጅ ከእንግሊዝኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ይሄዳል፣ የጭሮው ልጅ ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛ። አንቺ በመሐል የቆምሽ ነሽ። "ሁሉንም አስጠናለሁ" ያልሽ ቀን ሁለቱም ያጡሻል።

መምህርቷ፦ እሺ። በማን በኩል ልጀምር? ማስታወቂያውን የት ልስቀለው?

ጋሼ፦ ማስታወቂያ በኋላ። አሁን ክረምት ሊገባ ነው። ስምንተኛን የጨረሱ ልጆች ውጤት ይጠብቃሉ፣ ዘጠነኛ አልገቡም። ስምንተኛ የሚያስተምሩ መምህራን ጋ ሂጂ። "ጎበዝ የሆነ፣ ዘጠነኛ ላይ የሚያሳዝናችሁ ማን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። እነሱ ያውቃሉ፤ በየዓመቱ አንደኛ ያወጡት ልጅ የት እንደደረሰ ሰምተው ያዝናሉ። መጀመሪያ ለአምስት ልጅ አንድ ቅዳሜ በነጻ አሳዪ። ያቺኑ የሦስት ማዕዘን ጥያቄ ስጫቸው። አባቶቻቸው ይምጡ፣ ይዩ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ቅድም የተናገሩት ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለበት።

ጋሼ፦ የቱ ነው?

መምህርቷ፦ ልጁ የወደቀው ሒሳቡ ላይ አይደለም ብለናል። የወደቀው ንባቡ ላይ ነው። እኔ ሒሳብ መምህርት ነኝ። ሦስት ማዕዘኑን አስረዳዋለሁ፤ "ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚፈታ ግን እኔም በልምድ ነው የማስረዳው። ፊዚክስ ላይ ሲሄድ እንደገና ይቆማል። ይህ ሥራ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር አብረው ሲይዙት ብቻ ነው ሥራ የሚሆነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። አላሰብኩትም።

መምህርቷ፦ እርስዎ ጡረታ ላይ ነዎት። ከሦስቱ ቀን አንዱን ይያዙልኝ።

ጋሼ፦ እኔ? እኔ አርጅቻለሁ እኮ። ስንት ትከፍይኛለሽ?

መምህርቷ፦ "ስንት?" መጀመሪያ አይጠየቅም ብለውኛል። ልምድ ለቀጣሪ ነው፣ ለወላጅ አይገባውምም ብለውኛል። ቅዳሜ ይምጡና አንድ ሰዓት ያስተምሩ። አባቶቹ ይዩዎት፤ ከወደዱዎት ስለ ክፍያው እንነጋገራለን።